ሐሞት በአንድ ቀዳዳ ይውጣ ወይስ በአራት?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ 28 ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቀኝ ጎኔን ከባድ ሕመም ይዞኝ ነበር። አንዱ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድሮብኛል። አልትራሳውንድ ስነሳ ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ብዙ ጠጠር አለ፣ ትልቁ 14 ሚሊ ሜትር ነው አሉኝ። አንድ የግል ሕክምና ቦታ በእምብርትሽ በኩል በአንድ ቀዳዳ እናወጣልሻለን፣ ጠባሳ አይታይም አለኝ። ዋጋው ግን ይጨምራል። ሌላ ቦታ በአራት ቀዳዳ ነው የምንሠራው አሉኝ። እናቴ ደግሞ በደንብ ከፍተው ቢያዩሽ ይሻላል ትላለች። ሰርጌ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። የቱን ልምረጥ? ደግሞ ልጅ ሆኜ እምብርቴ ወጣ ያለ ነበር፣ አሁንም ሳስል ትንሽ ይነፋል። ይሄ ችግር ያመጣ ይሆን?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ሰርግሽ ያማረ ይሁን። ጥያቄሽን ያነበብኩት ማታ፣ ከሥራ ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ትራፊክ ተይዤ ቁጭ ባልኩበት ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ መልሼ አነበብኩት። ስለ እምብርትሽ የጻፍሽውን ማለቴ ነው። አንቺ እንደ ጭማሪ ነው የጣልሽው። ለእኔ ግን ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ያስፈልግሻል ወይ? አዎ፣ ያስፈልግሻል። ጠጠር ኖሮባቸው ምንም የማይሰማቸው ሰዎች አሉ። እነሱን በአብዛኛው አንነካም። አንቺ ግን ሦስት ጊዜ ታመሻል። አንዴ ማመም የጀመረ ሐሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ከፋሲካ ወዲህ ማለትሽም አልገረመኝም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጡ፣ ቅቤው፣ ክትፎው ባንዴ ሲገባ ሐሞት ከረጢት ይጨመቃል። አፉ ላይ ጠጠር ከተቀረቀረ ያ የምታውቂው ሕመም ይመጣል። በበዓል ሰሞን እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎችን በየዓመቱ አያለሁ።

አንድ ነገር በመሐል ልበል። «የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጪ፣ ጠጠሩ በሰገራ ይወጣል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ጠጥተው አረንጓዴ ኳስ ኳስ የሚመስል ነገር ያዩ ሰዎች እውነታቸውን ነው፣ አይተዋል። ያ ግን ጠጠር አይደለም። የጠጡት ዘይት ራሱ አንጀት ውስጥ እንደ ሳሙና ረግቶ ነው። ጠጠሩ እዛው ከረጢቱ ውስጥ ነው። ገንዘብሽንም ጊዜሽንም አታባክኚ።

አሁን የእናትሽን ሐሳብ እንይ። እናትሽ የሚናገሩት ከሚያውቁት ተነስተው ነው። በእሳቸው ዘመን ሐሞት የሚወጣው ከቀኝ የጎን አጥንት ሥር በረጅሙ ተቀዶ ነበር። ሐኪሙ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይነካል። «በካሜራ ምን ይታያል?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እውነቱ ግን ካሜራው አጉልቶ ነው የሚያሳየን። ጥልቅ የሆነውን ቦታ በዓይናችን ከምናየው በላይ በስክሪኑ ላይ እናየዋለን። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ብዙ ሰው በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ ካሜራና ልምድ ባለበት ቦታ የሐሞት ጠጠር መጀመሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። እናትሽን ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው። ውስጡ ተጣብቆ ካገኘነው፣ ወይም ከደማ፣ ከፍተን እንሠራለን። ይህን ቀድሞ የሚነግርሽ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በካሜራ ይሁን ወይስ በመክፈት አይደለም። በአንድ ቀዳዳ ወይስ በአራት ነው።

የተለመደው አራት ቀዳዳ እንዲህ ነው። ሙሉ ሰመመን ትወስጃለሽ። ሆድሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ እንደ ድንኳን ከፍ ይላል። በእምብርት በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ካሜራው በዚያ ይገባል። ከደረት አጥንት ሥር አንድ ሌላ አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ትንንሾች። በየቦታቸው መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሜራው መሐል፣ የሐኪሙ ሁለት እጆች ከግራና ከቀኝ ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አንቺ ሽንኩርት ስትከትፊ እጆችሽ ከግራና ከቀኝ መጥተው መሐል ላይ አይደል የሚገናኙት? እንደዚያ ነው።

በአንድ ቀዳዳ ሲሆን ካሜራውም ሁለቱም መሣሪያዎች በእምብርት በኩል ይገባሉ። ቀዳዳው ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው «አንድ» ሲባል ያነሰ ይመስለዋል። ቁጥሩ ነው ያነሰው። እምብርት ላይ ያለው ቁስል ግን አድጓል። ይህን ልብ በይ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ሁለቱንም እጅሽን በአንድ እንስራ አፍ አስገብተሽ፣ እንስራው ውስጥ ያለ ሽንኩርት ላጪ ብልሽ አስቢው። እጅና እጅ ይጋጫል። ክርንሽ ቦታ ያጣል። ካሜራውን የያዘው ረዳት ሐኪምም በዚያችው አፍ በኩል ነው ያለው። ቀኙን ሳንቀሳቅስ ግራው ይገፋል፣ ካሜራው ይናጋል። ለመሥራት አንዳንዴ መሣሪያዎቹን ማጠላለፍ ግድ ይሆናል፣ ቀኝ እጄ በግራ በኩል ይወጣል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ጎበጥ ያሉ መሣሪያዎች አሉ። ያግዛሉ፣ ግን ችግሩን አያጠፉትም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ጊዜ ይፈጃል።

ነገሩ አዲስ አለመሆኑንም እወቂ። የማሕፀን ሐኪሞች ሴት እንዳታረግዝ የማሕፀን ቱቦዋን ለመቋጠር በአንድ ቀዳዳ መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሐሞት በካሜራ የወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፣ ጀርመን አገር ኤሪክ ሙሄ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985። ያኔ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር። በእምብርት በኩል ብቻ ሐሞት ማውጣት የመጣው ደግሞ በ1990ዎቹ ውስጥ ነው፣ ጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሥራ ይታወቃል። ይህን የምልሽ ሐኪሞች ሙከራ ሊሠሩብሽ ነው ብለሽ እንዳትፈሪ ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፣ ተጠንቷል። ስለተጠናም ነው ጥቅሙንም ጉዳቱንም በግልጽ ልነግርሽ የምችለው።

ጥቅሙ አለ። ጠባሳው በእምብርት እጥፋት ውስጥ ስለሚደበቅ በደንብ ከዳነ አይታይም። ታካሚዎች በጠባሳው መልክ የበለጠ ይደሰታሉ፣ ጥናቶችም ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ይህን እንደ ተራ ነገር አላየውም። ገላዋ ላይ ምልክት እንዳይቀርባት የምትፈልግ ሴት «ቅንጦት ነው» ልትባል አይገባትም። ደግሞ ትልቅ ጠጠር ያለበትን ከረጢት በሰፋ ቀዳዳ ማውጣት ይቀላል። በጠባቡ ከሆነ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ማስፋት ግድ ይላል።

ከዚህ ውጭ የሚወራው ብዙው አይጨበጥም። «ሕመሙ ይቀንሳል» ይባላል። ጥናቶቹ አይስማሙበትም። በአንዳንዱ ትንሽ ቀነሰ፣ በአንዳንዱ እንዲያውም ባሰ። ሆስፒታል የምትቆዪበት ጊዜም ያው ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ትከሻን የሚይዘው ሕመም በሁለቱም ይመጣል፣ ምክንያቱ ጋዙ ነውና። በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል።

ጉዳቱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው በደንብ የማይነገረው።

የመጀመሪያው ሄርኒያ ነው፣ በተለምዶ ቡአ የምንለው። እምብርት የሆድ ግድግዳ ደካማው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ከቆዳው ሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን እንደገና የመከፈት ዕድሉ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት 200 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንድ ዓመት ተከታትሏል። በአራት ቀዳዳ ከተሠሩት ሄርኒያ የወጣባቸው 1.2 በመቶ ነበሩ። በአንድ ቀዳዳ ከተሠሩት 8.4 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በአራት ቀዳዳ በሚሠራውም ዘዴ እምብርት ላይ ቀዳዳ አለ፣ ስለዚህ ከሄርኒያ ነፃ ነው አልልሽም። ግን ያነሰ ነው።

እኔም በአንድ ቀዳዳ ሠርቻለሁ። ስጀምረው በጣም ወድጄው ነበር። አንድ ታካሚዬን ግን አልረሳትም። ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት ነበራት። ሥራው በሰላም አለቀ፣ ስፌቷ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲታይ ምንም የተነካች አትመስልም ነበር። ዓመት ሊሞላት ሲል ተመልሳ መጣች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «ዶክተር፣ ጠባሳው እንዳሉኝ አይታይም። ግን ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ሳል በይ አልኳት። ከእምብርቷ በላይ የእንቁላል ያህል ነገር ወጣ፣ ስትተኛ ተመለሰ። በየቀኑ የሊጥ ባልዲ ታነሳለች። ይህን አስቀድሜ ጠይቄያት ነበር ወይ? አልጠየቅኳትም። ስለ ጠባሳዋ እንጂ ስለ ሥራዋ አልጠየቅኳትም። በሌላ ቀዶ ጥገና ተስተካከለላት፣ ሁለተኛው ጠባሳ ግን ከአራቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ታካሚ ምን ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሳልጠይቅ አልሠራም።

ሁለተኛው የሐሞት ቱቦው ነው። ሐሞት ከረጢት ስናወጣ ከእሱ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦና የደም ሥሩን ዘግተን እንቆርጣለን። አጠገባቸው ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው ዋናው ቱቦ አለ። እሱን በስህተት የቆረጠ ሐኪም የታካሚውን ሕይወት ያከብደዋል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ማስተካከያው ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፣ የሚሠራበትም ቦታ ጥቂት ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ከአንድ ሺህ ሰው ከሦስት እስከ አምስት በሚሆነው ላይ ይደርሳል። ብርቅ ነው። ብርቅ ስለሆነ ደግሞ በ200 ሰው ጥናት የቱ ዘዴ የባሰ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የምናውቀው መከላከያውን ነው። ከመቁረጣችን በፊት ስቡን ሁሉ እናጸዳለን፣ የከረጢቱን ታችኛ ክፍል ከጉበቱ እናላቅቃለን፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን በዓይናችን እናረጋግጣለን። ሁለት ብቻ። ሦስተኛ ካየን እንቆማለን። ይህን ለማየት ከረጢቱን ወደ ላይና ወደ ጎን በደንብ መሳብ ያስፈልጋል፣ በአንድ ቀዳዳ ደግሞ የሚከብደው በትክክል ይሄ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ ጀምሮ በደንብ አልታይ ሲለው አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ የሚጨምር ሐኪም አልተሸነፈም። እኔ እንዲህ የሚያደርገውን ነው የማምነው።

ዋጋው ለምን ጨመረ ብትዪ፣ ለአንድ ቀዳዳ የሚሆነው ማስገቢያ ብዙ ጊዜ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፣ ውድም ነው። በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች በእሱ ፈንታ ከቁስል መክፈቻ ቀለበት ላይ የቀዶ ጥገና ጓንት አጥብቀው፣ በጓንቱ ጣቶች ጫፍ በኩል መሣሪያዎቹን ያስገባሉ። የማያምር ይመስላል እንጂ በደንብ ይሠራል። የሚያሳስበኝ የሚጣለው ዕቃ ተጥቧል ተብሎ ለሌላ ሰው ሲውል ነው። «ለእኔ የሚሆነው ዕቃ አዲስ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ከፋዩ አንቺ ነሽ።

በአንድ ቀዳዳ መሥራት በጠቅላላ መጥፎ ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ለትርፍ አንጀት፣ በተለይ ቀጠን ላሉ ልጆች፣ ደስ ይለኛል። የሴት እንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ላይ ለሚወጣ ውኃ የቋጠረ ከረጢትም እንዲሁ፣ የሚወጣው ነገር ለማንኛውም ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሐሞትም ቢሆን ከረጢቱ ካልተቆጣ፣ ሰውዬው ካልወፈረ፣ ሆዱ ከዚህ በፊት ካልተከፈተ፣ እምብርቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ሐኪሙም ለብዙ ጊዜ ከሠራው እቃወማለሁ አልልም።

አሁን ወደ አንቺ እምብርት። በልጅነቱ እምብርቱ ወጣ ያለ ልጅ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ሲያድግ ራሱ ይዘጋል። ያንቺ ግን እስካሁን ስታስዪ የሚነፋ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ማለት ነው። ትንሽ ሄርኒያ አለሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። ሳላይሽ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ግን እንደዚያ ከሆነ ድሮውንም ክፍት በሆነ ቦታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል መክፈት የማልመርጠው ነገር ነው። በቅርቡ ደግሞ ልታገቢ ነው። እግዚአብሔር ፈቅዶ ስታረግዢ ሆድሽ ሲለጠጥ ቀድሞ የሚፈተነው ያ ቦታ ነው።

ስለዚህ እህቴ ብትሆኚ ኖሮ የምልሽን ልበልሽ። በአራት ቀዳዳ ተሠሪ። የእምብርቱ ቀዳዳ ሲዘጋ ያ ክፍተትም አብሮ በደንብ ይሰፋልሽ፣ ይህን ቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። ጠጠርሽ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሊያስፋው ይችል ይሆናል፣ ያም ቢሆን ከአንዱ ቀዳዳ ያንሳል።

ስለ ጠባሳው አውቃለሁ፣ ከልብሽ ነው የጠየቅሽው። አንዱን እውነት ልንገርሽ። ጠባሳ በሁለት በሦስት ወር አይረጋም። ስድስት ወር፣ ዓመት ይፈጃል መልኩ እስኪደበዝዝ። ጥር ላይ አንዱም ሆነ አራቱ ገና ጠቆር ወይም ቀላ ብለው ይታያሉ። ሐበሻ ቀሚስም ቬሎም ሆድ አያሳይም፣ ለሰርጉ ቀን ልዩነት የለውም። ከዓመት በኋላ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የነበሩትን ፈልገሽ ነው የምታገኚያቸው። ይልቅ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትቆረጪ ጠባሳሽ አብጦ፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያውቃል? ካወቀ ለሐኪምሽ ንገሪው። ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው ከሆንሽ እምብርትም አያመልጥም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አሁን ጥቅምት ላይ ነን። ሕዳር ላይ ብትሠሪ ከሰርግሽ በፊት ሁለት ወር አለሽ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሺ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካንም ቢሆን። ቢሮ ሥራ ከሆነ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ትመለሻለሽ። «ከሰርጉ በኋላ ይሁን» የሚልሽ ካለ እኔ አልስማማም። ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ያ ሁሉ ቅቤና ጮማ ከፊትሽ ነው። ጠጠር ወደ ቱቦው ወርዶ ቆሽትን ካስቆጣ ነገሩ ሌላ ይሆናል። እስከዚያው ቅባት ቀንሺ። የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ የጾም ምግብ ነው ብለሽ ፓስቲና ሳምቡሳ አታብዢ፣ ዘይትም ቅባት ነው።

ዓይንሽ ቢጫ ካለ፣ ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወጥቶ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ እነዚህን ጠይቂ። በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ሠርተዋል? ከስንቱ ላይ ቀዳዳ ጨመሩ? ሄርኒያ የወጣባቸው አሉ? ቁጥሩን በቀጥታ የሚነግርሽ ሰው ጋ ቆዪ። «ምንም ችግር የለውም» ብቻ የሚልሽ ከሆነ ሌላ ሐኪም አማክሪ። ሲመረምሩሽም አልጋ ላይ ተኝተሽ ብቻ አይዩሽ። ሄርኒያ ስትተኚ ይገባል። ተነሺና ቁሚ፣ እምብርትሽን አሳዪ፣ ከዚያ ጠንከር አድርገሽ ሳዪ።